ስሙ ገጥሞ ውሉ ሳይገጥም

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሲሰሙት ጠባብ ይመስላል። በሲ ቋንቋ የጻፍነው ፕሮግራም ሌሎች ሠርተው ካስቀመጡት የዊንዶውስ ላይብረሪ ጋር ሲያያዝ ለምን እንቢ ይላል? እንቢ ሲልስ ጥፋቱን ከየት ብለን እንፈልገዋለን? ጥያቄው የጥቂት ፕሮግራመሮች ብቻ አይደለም። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ በየጤና ጣቢያው፣ በየብድርና ቁጠባ ማኅበሩ ጠረጴዛ ላይ የምናየው ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ የተጫነበት ነው፤ እዚያ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ከሥሩ ቢገለጥ ደግሞ አይተናቸው የማናውቃቸው እጆች በጻፉት የሲ ላይብረሪ ላይ ቆሞ ይገኛል። የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው። ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1972 በቤል ላብስ የቀረጸው ይህ ቋንቋ የእኛን ኮድና የሌላውን ላይብረሪ የሚያጋባው በስም ነው፤ ስሙ ከገጠመ ውሉን አይጠይቅም። ስለዚህ ብልሽት ፍለጋ ማለት ውሉን በማስረጃ ማንበብ ማለት ነው። በዚህ ንባብ ውስጥ ደግሞ ጮኾ የሚናገረው ስህተት ወዳጃችን ነው፤ የሚጎዳን ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንያዘው። አንድ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለእኛዋ የእብናት ወረዳ ቀበሌዎች የቤተሰብ መዝገብ የሚይዝ ትንሽ ፕሮግራም በሲ ሊጽፍ ተነሣ እንበል። የመረጃ ቋቱን ራሱ አይሠራውም፤ አሜሪካዊው ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣውን ኤስኪውላይት ይወስዳል። ይህ ላይብረሪ በሲ የተጻፈ፣ ለማንም በነፃ የተለቀቀ፣ በኪሳችን በያዝነው የአንድሮይድ ስልክ ውስጥ ሳይቀር የሚገኝ ነው። ተማሪው ለዊንዶውስ የተዘጋጀውን ዚፕ አውርዶ ሲፈታው ሁለት ፋይል ብቻ ያገኛል፤ አንዱ ዲኤልኤሉ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲሮጥ የሚጫነው የላይብረሪው ኮድ ነው፣ ሌላው ‹ዴፍ› የሚል ቅጥያ ያለው የስም ዝርዝር። ሄደር ፋይሉን ከምንጭ ኮዱ ጥቅል ያመጣና ኮዱን ይጽፋል። ኮምፓይለሩ ያለ አንዳች ቅሬታ ያሳልፍለታል፤ ሊንከሩ ግን በቁጥር 2019 «ያልተፈታ የውጭ ስም» ብሎ ይመልሰዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገውን እናውቃለን። ዲኤልኤሉን ወደ ሌላ ፎልደር ይገለብጣል፣ ቪዡዋል ስቱዲዮን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፣ ኮምፒዩተሩን ያስነሣል፣ በመጨረሻም ላይብረሪው የማይረባ ነው ብሎ ይተወዋል። አንዱም እርምጃ የሊንከሩን ቃል አልሰማም።

ሊንከሩ ምን አለ? ይህን ለመስማት ማን ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሄደር ፋይል ቃል ነው፤ «እንዲህ የሚባል ፈንክሽን አለ፣ ይህን ይቀበላል፣ ያን ይመልሳል» ይላል። ኮምፓይለሩ ቃሉን አምኖ ይተረጉማል፤ የፈንክሽኑን አድራሻ ስለማያውቅ ግን ቦታውን ክፍት ይተውና ስሙን ጽፎበት ያልፋል። ክፍቱን የመሙላት ሥራ የሊንከሩ ነው፤ እሱም የሚፈልገው ‹ሊብ› በሚባሉት ፋይሎች ውስጥ ነው። አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ፦ ሊብ የሚለው ቅጥያ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው የፈንክሽኖቹ ኮድ ራሱ የታጨቀበት ነው። ሁለተኛው ኮድ የለውም፤ «እኔ ዘንድ የለም፣ እገሌ ከሚባለው ዲኤልኤል ፈልገው» የሚል ምሪት ብቻ የያዘ ነው። ከተማሪያችን ጥቅል የጎደለው ይህ ምሪት ነው። ዲኤልኤሉን የትም ቢገለብጠው ሊንከሩ አያየውም፤ የማይክሮሶፍቱ ሊንከር ዲኤልኤልን ፊት ለፊት አያነብምና። መፍትሔው አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነው። ከቪዡዋል ስቱዲዮ ጋር አብሮ የሚመጣው፣ ስሙም ራሱ ሊብ የሆነ መሣሪያ፣ የዴፍ ፋይሉ ሲሰጠውና ለ64 ቢት መሆኑ ሲነገረው ምሪቱን ይሠራል። ሚንጂደብልዩ በተባለው ሌላ የኮምፓይለር ስብስብ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ወጥመዱ ሌላ ነው፤ ያ ሊንከር ትእዛዙን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚያነብብ ላይብረሪው ኮምፓይለሩ ካወጣው ኦብጀክት ፋይል በፊት ከተጻፈ፣ ፈላጊ ሳይኖር ታልፎ ይቀራል። ፋይሉ ትክክል፣ ፎልደሩ ትክክል፣ ቅደም ተከተሉ ብቻ የተሳሳተ ይሆናል።

ስሙ አለ ወይስ የለም የሚለውን በግምት መመለስ አያስፈልግም። ደምፕቢን የተባለው መሣሪያ ዲኤልኤሉ ለውጭ ያወጣቸውን ስሞች አንድ በአንድ ያሳያል፤ በሚንጂደብልዩ በኩል ኦብጅደምፕ ያንኑ ይሠራል። ዝርዝሩ ሲታይ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ፈንክሽን አለ፣ ነገር ግን በስሙ ላይ ተጨምሮበታል፦ ከፊቱ የግርጌ ሰረዝ፣ ከኋላው የአት ምልክትና 8 ወይም 12 የሚል ቁጥር። ይህ ጌጥ አይደለም። በ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ ፈንክሽን የሚጠራባቸው ከአንድ በላይ ልማዶች አሉ። ‹ሲዴክል› በሚባለው ልማድ ለጥሪው የተቆለለውን የሚያነሣው ጠሪው ነው፤ ‹ስታንዳርድ ኮል› በሚባለው ተጠሪው ራሱ ያነሣል፣ ቁጥሩም የሚነሣው ስንት ባይት እንደሆነ ይናገራል። ሊንከሩ ስሞቹ አልገጠሙም ብሎ ሲጮህ በእውነት የሚነግረን ልማዳችሁ አልገጠመም ብሎ ነው። ስሙ መላ ቅጡ ጠፍቶ የፊደልና የምልክት ጥምጥም ከሆነም ላይብረሪው በሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር እንደተሠራ፣ ‹ኤክስተርን ሲ› የሚለው መግለጫም እንደተዘለለ እንረዳለን። በ64 ቢት ዊንዶውስ የተለመደው የጥሪ ልማድ አንድ ስለሆነ የልማዶቹ ጣጣ ቀርቷል፤ አሮጌ የማኅተምና የደረሰኝ ማተሚያ መሣሪያዎች ይዘውት የሚመጡት ላይብረሪ ግን ብዙ ጊዜ 32 ቢት ነው።

ሊንከሩ ተስማምቶ ፕሮግራሙ ተሠራ ማለት ተነሥቶ ይሄዳል ማለት አይደለም። ሁለት ጊዜ ጠቅ ስናደርገው ዊንዶውስ ያንን ምሪት ይዞ ዲኤልኤሉን ፍለጋ ይወጣል። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ያለበትን ፎልደር ያያል፣ ቀጥሎ የሲስተሙን ፎልደሮች፣ ቀጥሎ ፕሮግራሙ የተጠራበትን ፎልደር፣ በመጨረሻም ‹ፓዝ› ላይ የተዘረዘሩትን። ከዚህ የፍለጋ ሥርዓት የሚወለዱት ስህተቶች መልካቸው ይለያያል፤ እያንዳንዱም የየራሱን ይናገራል። ዲኤልኤሉ ከጠፋ ስሙን ጠርቶ ጠፍቷል ይላል። ከተገኘና የተፈለገው ፈንክሽን በውስጡ ከሌለ የፈንክሽኑን ስም ጠርቶ ይናገራል፤ ይኸኛው ሌላ ፕሮግራም ፓዝ ላይ የተወው አሮጌ ቅጂ ቀድሞ መገኘቱን ይጠቁማል። መጨረሻው በ7ቢ የሚያልቀው ዝነኛ የስህተት ቁጥር ከመጣ ብዙውን ጊዜ 64 ቢት ፕሮግራም 32 ቢት ዲኤልኤል አግኝቷል፣ ወይም ተገላቢጦሹ ሆኗል። በፕሮግራሙ ውስጥ ሆነን ዲኤልኤል ለመጫን ስንሞክር ደግሞ ስህተት 126 «ሞጁሉ አልተገኘም» ይለናል፤ ፋይሉ ግን ዓይናችን ሥር ተቀምጧል። ያልተገኘው እሱ ራሱ የሚደገፍበት ሌላ ዲኤልኤል ነው። እዚህ ላይ ደምፕቢን ሁለት ነገር ያሳየናል፦ ዲኤልኤሉ ራሱ የሚጠራቸውን ሌሎች፣ እንዲሁም የተሠራበትን የማሽን ዓይነት። 8664 ካለ 64 ቢት ነው፣ 14ሲ ካለ 32 ቢት።

በዚህ ደረጃ የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ዲኤልኤሉን ከኢንተርኔት አውርደህ ሲስተም 32 ውስጥ ጨምረው» የሚል ነው። ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። የወረደው ፋይል ማን እንደሠራው፣ ምን እንደተጨመረበት አይታወቅም፤ ያ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ ፎልደሩ ራሱ ስሙ ያሳስታል። በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ሲስተም 32 የሚባለው ፎልደር የያዘው 64 ቢት ዲኤልኤሎችን ነው፤ 32 ቢቶቹ ያሉት ሲስዋው 64 በሚባለው ውስጥ ነው። ስሙን አምኖ የገለበጠ ሰው በትክክል በተሳሳተው ቦታ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ የፋይል ስም የይዘት ዋስትና አይሆንም። በዚህ አገር ያደገ የአብነት ተማሪ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። ጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ሆና የኖረችው ለምንድን ነው? ድጓ በየደብሩ ይዜማል፣ መጽሐፉም በየደብሩ አለ፤ የተማረው ሰው ግን ስሙ ድጓ ስለሆነ ብቻ አወቀ አይባልም፤ በቤተልሔም መምህራን ፊት አሰምቶ፣ ታርሞ፣ አስመስክሮ ነው የሚመለሰው። ስሙ አንድ የሆነ ሁለት ዲኤልኤልም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው የወጡት ስሞች ዝርዝር፣ የማሽኑ ዓይነትና የእትሙ ቁጥር ነው። ትክክለኛው ቦታውም ፕሮግራሙ ያለበት የራሱ ፎልደር ነው፤ እዚያ ማንንም አያውክም፣ ማንም አይቀድመውም።

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ የሚጮኹ ስህተቶች ናቸው፤ ስለዚህም በጎ ናቸው። አስቸጋሪው ሁሉም ነገር ገጥሞ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ይጀምራል። ተማሪያችን ሄደሩን ማስገባት ረስቶ ጽሑፍ የሚመልሰውን የኤስኪውላይት ፈንክሽን ጠራ እንበል። የቀድሞው የሲ ደንብ ያልተገለጸ ፈንክሽን ኢንቲጀር ይመልሳል ብሎ ያስብ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1999ኙ ደንብ ይህን ቢሽርም ኮምፓይለሮች ለዓመታት በማስጠንቀቂያ ብቻ ሲያሳልፉት ኖሩ፤ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር እንደ ስህተት የቆጠረው እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 14ኛ እትሙ ነው። ፈንክሽኑ የሚመልሰው ግን 64 ቢት አድራሻ ነው፤ ኢንቲጀር ደግሞ 32 ቢት ነው። የአድራሻው ግማሽ ተቆርጦ ይጠፋል። ስሙ ገጥሟል፣ ሊንከሩ ተስማምቷል፣ ዲኤልኤሉ ተጭኗል፤ ውሉ ግን ፈርሷል። ሌላም አለ። ኤስኪውላይት በአንዳንድ ፈንክሽኖቹ በኩል የስህተት መልእክት ሲሰጠን ቦታውን የሚያዘጋጀው ከራሱ ነው፤ ውሉም በራሱ የማስለቀቂያ ፈንክሽን መልሱልኝ ይላል። ተማሪው በተለመደው ‹ፍሪ› ቢለቅቀው፣ ከአንዱ ጎተራ የተበደረውን እህል ከሌላው ጎተራ እንደ መክፈል ነው፤ በዊንዶውስ ላይ ዲኤልኤሉና ፕሮግራሙ የየራሳቸው የሲ ራንታይም፣ የየራሳቸውም የሚሞሪ መዝገብ ሊኖራቸው ይችላልና። ውጤቱ ወዲያው አይታይም። ሃያ መስመር አልፎ፣ ምንም ጥፋት በሌለበት ቦታ፣ ፕሮግራሙ ይወድቃል። የወደቀበትን መስመር ብቻ የሚያይ ሰው ንጹሑን ይከስሳል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ደረስሁ፤ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልባችሁን የምፈልገውም እዚህ ላይ ነው። የእኛ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 እትም እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በዊንዶውስ ላይ አማርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደላት ቦታ የግዕዝ ቅርጽ በተሣለባቸው ፎንቶች ነበር፤ አንዱ ድርጅት የጻፈውን የሌላው ፎንት አያነብበውም ነበር። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ነገሩ ያበቃ መሰለ። አላበቃም። ዊንዶውስ ለአብዛኛው ጽሑፍ ነክ ፈንክሽን ሁለት መልክ አለው፤ በኤ የሚያልቀው አሮጌውን የስምንት ቢት ሥርዓት ይከተላል፣ በደብልዩ የሚያልቀው ዩኒኮድን። በዚያ በአሮጌው ሥርዓት ውስጥ ለግዕዝ ፊደል የተመደበ ኮድ ገጽ ኖሮ አያውቅም። ፕሮግራመሩ ያለ ኤም ያለ ደብልዩም የተለመደውን ስም ብቻ ሲጽፍ ደግሞ ሄደሩ በዝምታ ወደ አንዱ ይለውጠዋል፤ ‹ዩኒኮድ› የሚለው መለያ ካልተገለጸ ወደ ኤው። አሁን የመዝገብ ሠራተኛዋ በፎርሙ ላይ «እብናት» ብላ ጻፈች። በስክሪኑ ላይ ፊደሉ አምሮ ይታያል። ፕሮግራሙ ጽሑፉን በኤው ፈንክሽን ሲያነብብ ዊንዶውስ ለአራቱም ፊደላት አቻ ያጣና አራት የጥያቄ ምልክት ያስረክበዋል። ኤስኪውላይት አራቱን የጥያቄ ምልክቶች በታማኝነት ይመዘግባል። ስህተት የሚል ቃል ከየትም አልወጣም። ከዚያ በኋላ የዓለም ባለሙያ ቢሰበሰብ ከአራት የጥያቄ ምልክት ውስጥ እብናትን መልሶ ሊያወጣት አይችልም።

ይህ የፊደል ውበት ጉዳይ አይደለም። እብናት በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ለእርዳታ የተሰበሰበባት ቦታ እንደነበረች ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ። ስም በዝርዝር ላይ መገኘቱና አለመገኘቱ በዚህ ወረዳ ምን ማለት እንደሆነ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ሊነግረን አይችልም። የእናት ስም በጥያቄ ምልክት የተመዘገበበት የክትባት ካርድ፣ የባለቤቱ ስም የጠፋበት የመሬት መዝገብ፣ ጥፋቱ የሚገኘው ሰውየው ጠረጴዛው ፊት ሲቆም ነው። ከዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ዝምተኛ ጥፋትም አለ። «እብናት» ለዓይን አራት ፊደል ናት፤ ኤስኪውላይት በሚቀበለው ዩቲኤፍ 8 ግን እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ 12 ባይት ትሆናለች፣ በሲ ደንብ የመጨረሻው ዜሮ ሲጨመር 13። ለላቲን ፊደል በቂ ነው ብሎ 12 ባይት የመደበ ላይብረሪ ወይም ፕሮግራም አንዷን ባይት ከጎረቤቱ ቦታ ላይ ይጽፋታል። በእንግሊዝኛ ስም መቶ ጊዜ ተፈትኖ ያለፈ ፕሮግራም በመጀመሪያዋ የአማርኛ ስም ይበላሻል፤ ጥፋቱም የአማርኛ ይመስላል። ፎልደሩ ራሱ በአማርኛ የተሰየመ ከሆነም ፋይል በ‹ኤፍኦፕን› የሚከፍት ላይብረሪ ፋይሉን የለም ይላል። ከዊንዶውስ 10 የ1903 እትም ጀምሮ ፕሮግራሙ በማኒፌስት ፋይሉ ላይ ዩቲኤፍ 8 እጠቀማለሁ ብሎ ማስታወቅ ይችላል፤ ዊንዶውስ 7 ግን ያን ማስታወቂያ አይሰማም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ክብደት ያላቸውም ናቸው። አንደኛው «ዛሬ ማን በሲ ይጽፋል፣ ፓይተን እያለ» የሚለው ነው። ፓይተን መልካም ቋንቋ ነው፣ ለብዙ ሥራም እመርጠዋለሁ። ነገር ግን የፓይተን የኤስኪውላይት ሞጁል ያው የሲ ላይብረሪ ነው፤ በዊንዶውስ ላይ ፓይተን «ዲኤልኤል መጫን አልተቻለም» ሲል የሚናገረው ያንኑ ዲኤልኤል ፈልጎ የማጣትን ወይም መጫን የማቃትን ችግር ነው። ከወለሉ በላይ መኖር ይቻላል፤ ወለሉ ሲሰነጠቅ ግን ወርዶ የሚያይ ሰው በየወረዳው ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከዚህ የበረታ ነው፦ «ለምን የምንጭ ኮዱን ከራሳችን ኮድ ጋር አብረን አንተረጉመውም? ዲኤልኤልም ምሪትም አያስፈልግም።» በዚህ እስማማለሁ። ኤስኪውላይት መላ ኮዱን በአንድ የሲ ፋይል አዋህዶ የሚያቀርበው ለዚሁ ነው፤ ተማሪያችን መጀመሪያውኑ ያንን ቢወስድ የሊንከሩንም የጭነቱንም ችግር ባላየ ነበር። ሁለት ነገር ግን ይቀራል። የጣት አሻራ ማንበቢያ፣ የደረሰኝ ማተሚያ፣ የሚዛን መሣሪያ የሚሸጥልን ኩባንያ የምንጭ ኮዱን አይሰጠንም፤ ዲኤልኤልና ሄደር ሰጥቶን ይሄዳል። ደግሞም ኮዱን አብሮ መተርጎም የሚጮኹትን ስህተቶች እንጂ የኤውን ፈንክሽንና የ12 ባይቱን ጥፋት አያስቀርም። «አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱን እጠይቀዋለሁ» ለሚለኝም መልሴ ተመሳሳይ ነው። ጠይቀው፤ የስህተቱን መልእክት ብቻ ብትሰጠው ግን እሱም ይገምታል። የዲኤልኤሉን የስም ዝርዝርና የማሽን ዓይነት አያይዘህ ብትሰጠው መልሱ ይለወጣል። ማስረጃውን የሚሰበስበው አንተ ነህ፣ ለዚያም ኔትወርክ አያስፈልግህም፤ መሣሪያዎቹ ከኮምፓይለሩ ጋር አብረው ተጭነዋል።

ስለዚህ መዝገብ ነክ ፕሮግራም ለምትጽፉ ሁሉ አንድ ሥራ ልስጣችሁ፣ ዛሬ ማታ የሚሠራ። ፕሮግራማችሁን ከፍታችሁ በፎርሙ ላይ «እብናት» ብላችሁ ጻፉና መዝግቡ። ከዚያ ከቋቱ መልሳችሁ አንብቡት፤ በስክሪን ላይ አትመልከቱት፣ ባይቶቹን በቁጥር አትሙ። 225፣ 138፣ 165፤ 225፣ 137፣ 165፤ 225፣ 138፣ 147፤ 225፣ 137፣ 181 ካያችሁ አራቱም ፊደላት በሰላም ደርሰዋል። 63 አራት ጊዜ ተደርድሮ ካገኛችሁ የጥያቄ ምልክት ነው፤ ምዝገባውን በዚያው ሰዓት አስቁሙና ጽሑፉ ከፎርሙ የተነበበበትን መስመር ፈልጉ።